ባቫርዋሽ ገና አልቆመም

አስካለዬ፤

በአቤቱታ ልጀምር። ባናችን አጥሮብኛል። አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ወደ አንቺ በኩል ትስቢዋለሽ፣ እኔ ጠዋት ትከሻዬን ውርጭ ነክሶት እነሣለሁ፣ አንቺ ደግሞ «አንተ ሰውዬ፣ ስትገላበጥ ትጥለዋለህ እንጂ ማን ወሰደብህ» ትያለሽ። አሁን የሚስብብኝ የለም፤ ሙሉው የኔ ነው። እንዲያም ሆኖ ወደ ላይ ስስበው እግሬ ይወጣል፣ ወደ ታች ስመልሰው ትከሻዬ ይወጣል። ወይ ባናው አጥሯል፣ ወይ እኔ በስተርጅና ረዝሜያለሁ ብዬ የሠራውን ሸማኔ ጠየቅሁት። «ሱፍ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ማን አጠበው?» አለኝ። ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ በሙቅ ውሃ። እንዲህ ያለውን ነገር ሳትነግሪኝ መሄድሽ ነው እንግዲህ ያስቀየመኝ።

የሄድሽው በመስቀል ሰሞን ነው፣ አደይ አበባው ገና ሳይረግፍ። አሁን ፋሲካ አልፏል፣ ዳግማይ ትንሣኤም አልፏል። ረቡዕና ዓርብ ሳይባል ወተትና ቅቤ የሚበላበት ሃምሳው ውስጥ ነን። ያንቺ ወቅት ነበር። ለዚህም ነው ዛሬ ወረቀት ይዤ ኩሽናሽ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ የተቀመጥኩት። ድስት ጠብቅ ተብዬ ነው። ማን እንዳዘዘኝ ቀጥዬ እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አርባሽን በደህና አወጣን፤ እድርተኛው አላሳፈረንም። ገብሱ ደህና ነበር። ጥቁሯ በግ መንታ ወልዳለች። ስም አውጥቼላቸዋለሁ። አንደኛው ጩኸቱ የማያልቅ ስለሆነ «ስብሰባ» ይባላል፤ ሌላኛው «ኔትወርክ» ነው፣ ኮረብታው ላይ ካልወጣሽ አታገኚውም። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ዛሬም ካልሞላ አይነሣም። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ አራት ሰው ይጭናል። የነፍስ አባታችን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቤት ሲመጡ ግን አሁንም በመጀመሪያ የሚያዩት ወደ ኩሽናው ነው።

ምግብ ቤቱ ከሄድሽ ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። ሰናይት፣ እንደ ልጅሽ ያሳደግሻት የእህቴ ልጅ፣ ደብረ ብርሃን የነበራትን ሥራ ትታ መጥታ ተረከበችው። ግድግዳውን አስቀባች፣ የሚንገዳገዱትን ወንበሮች አስጠገነች፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ፍሪጅ አስገባች። ጎበዝ ናት። ብቻ ኩሽና ስገባ ዓይኗ ከእጄ ላይ አይነሣም። ይህን ከማን እንደተማረችው እኔና አንቺ እናውቃለን። ድስት ጠብቅ ያለችኝም እሷ ናት፤ እሷ ገበያ ሄዳለች።

የፊታችን እሑድ ትከፍታለች። ሰሌዳ የሚጽፈው ሰውዬ ነገ ጠዋት ይመጣል። ጥብስ፣ ዱለት፣ ሽሮ፣ ፍርፍር ተብሎ ምን እንደሚጻፍ ተወስኗል። ከሁሉም በታች አንድ መስመር ባዶ ትታለች። ያ መስመር ያንቺ የሚረጋው የወተት ጣፋጭ፣ የባቫርዋሽ ነው።

ችግሩ ባቫርዋሽ እምቢ ብሎናል። ሁለት ጊዜ ሞከርን። መጀመሪያ ፍሪጅ ውስጥ አደረገችው፣ መብራት ሄደ፣ ጠዋት ስንከፍት የሚጠጣ ነገር ሆኖ ጠበቀን። ሁለተኛውን እንዳንቺ ውጭ አሳደርነው። ቆመ። ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ስል ሰናይት ቀመሰችና ፊቷ ተኮማተረ። እኔም ቀመስኩ። ያንቺው መልክ ነው፣ ያንቺው ልስላሴ ነው፤ ግን በግ በግ ይሸታል። ጣፋጭ በግ ማለት ነው። ያንቺ አንድም ቀን ሸቶ አያውቅም። የሠራነው አንቺ ስትሠሪ እንዳየሁት ነው፤ የቱ ጋ እንደሳትን አላውቅም። ሰናይት ቁርጡን ነገረችኝ፤ «አጎቴ፣ ዛሬ ማታ የምናስቀምጠው ነገ ጠዋት ካልሸተተ አጽፈዋለሁ። ከሸተተ መስመሩን በፓስታ እሞላዋለሁ።»

በፓስታ፣ አስካለ! ባንቺ መስመር ላይ!

ሰዎች ይህን ነገር ከየት እንዳመጣሽው ሲጠይቁኝ ለእያንዳንዱ የተለየ ውሸት ነበረኝ። ለአንዱ በሕልሟ ታይቷት ነው እላለሁ፣ ለሌላው ከመርሐቤቴ አያቷ ወርሳው ነው እላለሁ። እውነቱን ለኔ የነገርሽኝ ከአዲስ አበባ ወደዚህ ስንመጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

ከራቤል ወጥተሽ አዲስ አበባ ፈረንሳዮቹ ቤት ስትቀጠሪ ገና ልጅ ነበርሽ። ማዳም ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደሞዝ አታዘገይም፣ ስትታመሚ ሐኪም ትጠራለች። ብቻ ከሷ በፊት የነበሩት ሰዎች ሠራተኛቸውን «ማሚቴ» ይሉ ስለነበር አንቺንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማሚቴ አለችሽ። በሩን የሚጠብቀውም ማሚቴ አለሽ፣ ልጆቹም ማሚቴ አሉሽ። አንድ ቀን ባቫርዋ ሠርተሽ ወደ ሳሎን ይዘሽ ገባሽ። ወተቱ፣ የእንቁላሉ አስኳል፣ ስኳሩና የተመታው ስልባቦት በቅርጽ ውስጥ ረግቶ፣ ተገልብጦ፣ ሳሕኑ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። አንድ እንግዳ ስሙን አበላሽቶ ጠራው። ማዳም ሳቅ እያለች አረመችው። ደግሞ ተሳሳተ፤ ደግማ አረመችው። ሰውየው አፉ እስኪገራ ድረስ አልለቀቀችውም። ከዚያ ወደ አንቺ ዞር ብላ «ማሚቴ፣ ማንኪያ አምጪ» አለች።

«ለወተትና ለስኳር ይህን ያህል ተቆረቆረች» አልሽኝ፤ አውቶቡሱ ውስጥ፣ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያየሽ።

ሥራውን ስትለቂ ስጦታ ሰጥታሽ ሳመችሽ። ያኔ «ስሜ አስካለ ነው» አልሻት። «አስካለ» አለች፣ አንድም ፊደል ሳትስት፣ በመጀመሪያው። ችሎታውማ ነበራት። ይህን ስትነግሪኝ አላለቀስሽም።

መሐል ሜዳ ገብተን ምግብ ቤቱን ስንከፍት ባቫርዋ ካልሠራሁ አልሽ። እኔ ደግሞ ሙያ ሁሉ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ቅርጹን ልሥራልሽ ብዬ ቆርቆሮ መቀጥቀጥ ጀመርኩ። አበባ መሳይ እንዲሆን ነበር የፈለግሽው። የኔ ሥራ ሲገለበጥ ክብ ግድግዳና ሾጣጣ ክዳን ያለው የመንዝ ጎጆ ወጣው። አንቺ አየሽውና «በር ብቻ ነው የጎደለው» አልሽ። እስከ መጨረሻው ድረስ ግን በሌላ አልለወጥሽውም። ሰናይት አሁን አዲስ ቅርጽ ልግዛ ስትል በኔ ሬሳ ላይ ብያታለሁ። ይቅርታ፣ ሬሳ የሚለውን ቃል ላንቺ መጻፍ አልነበረብኝም፤ ግን እንዲሁ ነው ያልኳት።

የሚያረጋው ነገር ነበር ትልቁ ጣጣ። ፈረንሳዮቹ ቤት እንደ መስታወት የሚያሳይ የጀላቲን ቅጠል ነበር፤ እዚህ ማን ያውቀዋል። አንቺ የበግ እግር ሰበሰብሽ። ጠጉሩን በእሳት ለብልበሽ፣ ፍቀሽ፣ ቀኑን ሙሉ በለስላሳ እሳት ታንተከትኪዋለሽ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ስቡ ከላይ ይረጋል፤ እሱን ታነሺና የቀረውን በእንቁላል ነጭና በሎሚ አጥርተሽ በጨርቅ ታጠሊዋለሽ። ቫኒላ ስላጣን ወተቱ ውስጥ ኮረሪማ ትጥያለሽ። እኔ ከሽቦ በሠራሁልሽ መምቻ ስልባቦቱን የምመታው እኔ ነኝ፤ «በርታ፣ ባለሙያ!» እያልሽ ታሾፊብኛለሽ። ማታ ቅርጹን የድንጋይ አጥራችን ላይ አስቀምጠሽ፣ በሰፌድ ከድነሽ፣ ለድመት ብለሽ ድንጋይ ትጭኝበታለሽ። ጠዋት የመንዝ ውርጭ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቀናል። ቆጣሪ የለው፣ መብራት አይጠፋበት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀው ማለዳውን ነው፤ ከእንቅልፌ ስነሣ ድስቱ ከተጣደ ቆይቶ ነበር የማገኘው።

ያቺን ረቡዕ ታስታውሻለሽ? አታስታውሽም ብትይ አላምንሽም።

ለምግብ ቤታችን ምርቃት የወረዳ ሰዎችንና የነፍስ አባታችንን ምሳ ጠራን። ረቡዕ መሆኑን አሳምረን እናውቃለን። ሽሮው የጾም፣ ምስሩ የጾም፣ ድንቹ በዘይት፤ እንኳን ቅቤ፣ ቅቤ የነካ ማንኪያ እንዳይገባ ሰው አቁመሽ አስጠበቅሽ። ማክሰኞ ማታ ደግሞ በሙሉ ልብሽ ባቫርዋውን ሠርተሽ አጥሩ ላይ አስቀመጥሽ። እኔም ስልባቦቱን መታሁ፣ ክንዴ እስኪዝል። ሁለታችንም አንድ ቤት ውስጥ ሆነን ነገ ረቡዕ ነው ያለ የለም! በኋላ ሳስበው ገባኝ፤ ያ ነገር በጭንቅላትሽ ውስጥ ፈረንሳዮቹ ቤት ነበር የሚኖረው፣ እዚያ ደግሞ ረቡዕ እንደ ማንኛውም ቀን ነው። ሌላው ምግብ ሁሉ በኛ ቀን ሲቆጠር እሱ ብቻ በነሱ ቀን ተቆጠረ።

ምሳው ተበልቶ እጅ ሊታጠብ ሲል ይዘሽው ወጣሽ። ግቢው መሐል፣ ጠረጴዛ ላይ። እግዜር ያውቃል፣ እንደዚያ ቀን ያማረበት ጊዜ የለም። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ከበበው። «ምንድን ነው ይሄ?» ሲሉሽ ኮራ ብለሽ «ባቫርዋ ይባላል፤ ወተት፣ እንቁላል...» አልሽና አፍሽ ክፍት ቀረ። ወደ ነፍስ አባታችን አየን። እሳቸው ወደ ባቫርዋው አዩ፣ ምራቃቸውን ዋጡ፣ ወደ ሰማይ አዩ። ፀሐይዋ ጠነከረች። ማንም አይነካው፣ ማንም ትቶት አይሄድ። መጀመሪያ የጎጆው ክዳን ዘመም አለ። ከዚያ ግድግዳው ወገቡን ያዘ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ደከመው ሽማግሌ ቁጭ አለ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። አንቺ ሳትቀሪ ሳቅሽ። የቀረውን ጾም የማያውቀው ድመታችን ጠጣው።

ስሙን ያወጣሁለት ያን ቀን ነው፤ «ፈሪ»። ሰው ስላየው ብቻ ቀለጠ፣ ደግሞም ሲቀርቡት ይንቀጠቀጣል። ይህ አገር ደግሞ ፈሪ መባልን ምን ያህል እንደሚጠላ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ተወደደ። በየሃምሳው፣ በየገና ማግሥቱ ጎረምሳው ሁሉ እየገባ «ሁለት ፈሪ!» ይላል፣ «ለኔ አንድ ፈሪ፣ ልብ የሌለው!» ይላል። አንቺ ከኩሽና «ፈሪ የለንም! ባቫርዋ ነው!» እያልሽ ትጮሂያለሽ። ከዘመሮ የመጡ ነጋዴዎች ይህን ጩኸት ለመስማት ብለው ብቻ ያዝዙ ነበር። አንድም ቀን ሳታርሚ አሳልፈሽ አታውቂም። ድምፅሽ ከአጥሩ ማዶ ይሰማል።

ከአጥሩ ማዶ ደግሞ እትዬ በለጡ አሉ። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው፣ ፈረንጆች ጣፋጭ የሚያረጉት በአሳማ አጥንት ነው ብሎ ነገራቸው። እሳቸው ለውሃ ቀጂዎች ነገሩ፣ ውሃ ቀጂዎች ለገበያው ነገሩ። ሁለት ሳምንት ቤታችን ዝንብ ብቻ ሆነ። እኔ ሄጄ ልጣላቸው ስል አንቺ ከለከልሽኝ። «አይተው ይወስኑ» ብለሽ ድስቱን ከኩሽና አወጣሽና በገበያ ቀን፣ ከደጃፉ ፊት ለፊት ጣድሽው። የበጉ እግር ከነሰኮናው ተደርድሮ፣ መንገደኛው እያየ። አሳማ እንዲህ ያለ እግር እንደሌለው ለማንም መንዜ መንገር አያስፈልግም። ሰው ተመለሰ። እትዬ በለጡ ግን አልተመለሱም። መቀመጫ ዱካቸውን አጥሩ ሥር አደረጉና፣ ባቫርዋ በምትሠሪበት ቀን ሁሉ ከማለዳ ጀምሮ ቁጭ ብለው ያዩሽ ነበር። ጤና ይስጥልኝ ትያቸዋለሽ፣ እግዜር ይመስገን ይሉሻል፣ ማየታቸውን ይቀጥላሉ። ይህንን ያህል ዓመት አንድ ማንኪያ አልቀመሱም። እኔ «ዘበኛችን» ብያቸው ነበር። አንቺ ግን «አንድ ቀን ይመጣሉ» ትይ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ላይ ሁልጊዜ ተስፋ ታበዢ ነበር።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ። በአንድ ወቅት ያ ስም ምን ማለት ነው ብዬ መመርመር ጀመርኩ። መጽሐፍ አገላበጥኩ፣ ስልክ ላይ ፈለግሁ። ይዤልሽ የመጣሁት ዜና ትልቅ ነበር። ስሙ የፈረንሳይ አይደለም! ባቫሪያ የሚባል አገር አለ፤ ጀርመን ውስጥ ነው። ስሙ ከዚያ ነው። የፈረንሳይ ወጥ ቤቶች እዚያ መኳንንት ቤት ሲያገለግሉ ያመጡት ነው የሚል አለ፤ በርግጥ የሚያውቅ ግን ያለ አይመስለኝም። «ያቺ ማዳምሽ እኮ በጎረቤት ስም ነው የኮራችው!» ብዬ ልስቅ ስጀምር አንቺ አልሳቅሽም። ሽንኩርት እየላጥሽ አሰብሽ፣ አሰብሽ፣ ከዚያ «ያገኙበትን አገር ስም አልነጠቁትም ማለት ነው» አልሽ። «እሱስ ደግ አድርገዋል።» እኔ ለሳምንት የሚበቃ ቀልድ ይዤ መጥቼ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ሆስፒታል ተኝተሽ ሳለ ያነሣሽውም ይህንኑ ነው። ሰናይት ሻይ ልታመጣ ወጥታ ነበር። «አውቅሃለሁ» አልሽኝ፤ «ስሄድ ያንን ነገር አስካለ ትለዋለህ። ለቀልድም ይሁን ለፍቅር እንዳትለው። እሱም በስሙ ይጠራ፣ እኔም በስሜ ልጠራ።» እኔ ያን ጊዜ «ሻዩ ዘገየ» አልኩሽ። መልሴን ዛሬ ልስጥሽ፤ እሺ።

ግን ባዶ እሺ ምን ያደርጋል? ሰናይት ሁለት ሐሳብ አቀረበችልኝ፤ ቢቆምም እንኳ «ፈሪ» ብላ ልትጽፈው ትፈልጋለች፣ ደንበኛ የሚያውቀው በዚያ ነው ብላ። እሱ ካልሆነ «የአስካለ ክሬም» ይሁን አለች፤ እሷ ላንቺ ክብር ብላ ነው። ሁለቱንም እምቢ አልኩ። «አጎቴ፣ ስሙን ያወጣኸው አንተ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። በዚህ ከተማ ቅጽል ስም ያላወጣሁለት ሰው የለም፤ የወረዳውን ሹም፣ የሸማኔውን ሚስት፣ ሁለት ቄሶችን፣ ሁሉንም። አንቺን ብቻ ነው የዘለልኩት። የጠየቀኝ ሰው ሲኖር አልመች ብላኝ ነው እል ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ከሰማሁት በኋላ እንዴት ይመቸኛል?

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ደርሷል። ባቫርዋው ዛሬ ካልቃና መስመሩ የፓስታ ነው፤ ስሙም አብሮ ይሄዳል፣ ከኩሽና የሚጮህለትም የለም። የበጉ እግር ተለብልቦ፣ ተፍቆ ድስቱ ውስጥ ነው። ውሃው ዳር ዳሩን መንተክተክ ጀምሯል። አረፋም አውጥቷል፣ ግራጫ፣ መልኩ ደስ የማይል። ሽታው እንደ ባለፈው ነው። ልክ እንደ ባለፈው። ሰናይት ስትመጣ ምን እንደምላት እያሰብኩ

በር ተንኳኳ። ሰናይት አታንኳኳም። ቆይኝ።

አስካለ፣ አታምኚኝም። እትዬ በለጡ ናቸው። ለለቅሶሽ መጥተው ድንኳን ውስጥ አምርረው አልቅሰዋል፤ የኩሽናሽን ደፍ ግን በዕድሜያቸው ረግጠውት አያውቁም። አሁን ከዘራቸውን ይዘው ደፉ ላይ ቆመዋል። ይግቡ ብላቸው አልገባ ብለዋል፤ ከዚያ ሆነው እየተቆጡኝ ነው። ያሉትን ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

«ተሾመ፣ ሽታው ቤቴ ገባ። ባለፈውም ገብቶ ነበር፣ ይሁን ብዬ ዝም አልኩ። አሁንስ በዛ! እሷ እኮ የመጀመሪያውን ውሃ ትደፋው ነበር!»

«የቱን ውሃ?» አልኳቸው።

«ይሄንን ነዋ! ገና ሳይነጋ አንድ ጊዜ ታፈላውና አጥሩ ሥር ድፍት። እግሩን በቀዝቃዛ ውሃ እጥብ እጥብ። ድስቱንም ታጥባለች። ከዚያ ነው በአዲስ ውሃ የምትጥደው። አንተ ያን ጊዜ ታንኮራፋለህ። ውሻዬ አጥሩ ሥር የሚያድረው ለምን ይመስልሃል?»

እንዴት አወቁ ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ራሳቸው መለሱልኝ። «አሳማ ታገባለች ብዬ ስንት ዓመት ሳያት ኖርኩ! አንድ ቀን እንኳ አላገኘሁባትም።» በነጠላቸው አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ሽታው ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም። «በል ተነሣ፣ ምን ትጽፋለህ! ባቫርዋው ሊበላሽ ነው።»

ባቫርዋ ነው ያሉት። አንድም ፊደል አልሳቱም።

«ስሙን ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ማን ይነግረኛል? ስትጮህ አልነበረም እንዴ፣ ጠዋት ማታ! እናንተ ናችሁ የማትሰሙት።»

ከቆመ ይቀምሱልናል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «ከቆመ እናያለን። መጀመሪያ ድፋው» አሉኝ።

ልነሣ ነው እንግዲህ። ድስቱ ከባድ ነው፣ እሳቸውም ቆመው እጄን እያዩኝ ነው። አንቺ ስትታዪ የኖርሽበትን ያህል ዓመት ዛሬ ባንድ ጠዋት ልታይ ነው መሰለኝ። ሳልነሣ አንድ ነገር ያዢልኝ፤ ነገ ሰሌዳ ጸሐፊው ሲመጣ ከጎኑ ቆሜ አስጽፈዋለሁ፤ ይቁምም ይቅለጥም፣ ባቫርዋ ብሎ። ከእንግዲህም ማንም ገብቶ «ፈሪ» ያለ እንደሆነ ከኩሽና የሚጮኸው እኔ ነኝ። ድምፄ እንዳንቺ አይሆንም፤ ግን እትዬ በለጡ ከአጥሩ ማዶ ያግዙኛል። ማን አስተማራችሁ ያለ እንደሆነም አስካለ እለዋለሁ፤ አፉ እስኪገራ ድረስም አልለቀውም።

ውሃውን አጥሩ ሥር ልድፋው። ውሻው ቆሞ እየጠበቀ ነው።

ያንቺው ሰውዬ፣
ተሾመ